ከሕንፃው በፊት አገልጋዩ፦ ቅዳሴ የሚታጎልበትን የጎጃም ገጠር አጥቢያ መልሶ ለማጽናት

ስለ ቤተ ክርስቲያን መዳከም ሲነሣ ጭውውቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሀገር አቀፍ ቆጠራ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ 50.6 የነበረው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ድርሻ በ1999 ዓ.ም. ወደ 43.5 ዝቅ ሲል፣ የፕሮቴስታንት አማኞች ድርሻ ከ10.2 ወደ 18.6 ከፍ ብሏል። በእነዚያው ዓመታት የኦርቶዶክሳውያኑ ብዛት ግን ከ27 ሚሊዮን ገደማ ወደ 32 ሚሊዮን ገደማ አድጓልና፣ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ድርሻን ነው ወይስ ብዛትን የሚናገረው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወደ ጎጃም ስንመጣ ይህ ሁሉ ብዙም አይረዳንም። በ1999ኙ ቆጠራ በአማራ ክልል ከመቶ 82.5 የሚሆነው ሕዝብ ኦርቶዶክስ፣ 17.2 የሚሆነው ሙስሊም ነበረ፤ ፕሮቴስታንቱ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። የጎጃም ገጠር አጥቢያ የሚደክመው እንግዲህ ምእመኑ ወደ ሌላ ቤተ እምነት ስለሄደበት ሳይሆን፣ ምእመኑ በስም እንዳለ ሆኖ የሚቀድስለት፣ የሚያስተምረውና ቤቱ ድረስ መጥቶ የሚጠይቀው ስለሚያጣ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ እንዲሁም በከተማ ሆነው የትውልድ ደብራቸውን ለመርዳት ለሚያስቡ የአካባቢው ተወላጆች ነው።

በንግሥ ቀን አይቆጠርም

ሥራው የሚጀመረው ያለውን በማወቅ ነው። በዓመታዊው ንግሥ ታቦቱ ሲወጣ ቅጥሩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሞላ፣ ያን ዕለት የቆመ ሰው «የእኛ አጥቢያ ምን ጎደለው?» ቢል አይፈረድበትም። ከሕዝቡ ብዙው ግን ከጎረቤት አጥቢያ የመጣ፣ ወይም ለበዓሉ ብሎ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የገባ ነው። ትክክለኛውን ሁኔታ የሚያሳየው ተራ እሑድ ነው። ከሐምሌ አንድ እሑድ፣ ከኅዳር አንድ፣ ከጥር ደግሞ አንድ መርጦ፣ ከወንጌል ንባብ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን ወንድና ሴት፣ ልጅና አዋቂ ለይቶ መቁጠር ይበቃል። በሐምሌ ገበሬው በእርሻና በዘር፣ በኅዳር በአጨዳ ይጠመዳል፤ በጥር ግን እህሉ ጎተራ ገብቷል። በሐምሌ ሰው አንሶ በጥር ከሞላ ችግሩ የሥራ ወቅት ነው። በጥርም ካነሰ ችግሩ ሌላ ነውና ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንድ ደብተር ሰጥቶ ጥቂት ጉዳዮችን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ባለፈው ዓመት ቅዳሴ የታጎለባቸው እሑዶች ስንት ነበሩ? እያንዳንዱስ በምን ምክንያት ታጎለ? በአርባና በሰማንያ ቀናቸው የተጠመቁ ሕፃናት ስንት ናቸው? ንስሐ አባት የሌለው አባወራ የትኛው ነው? በየኔታ እግር ሥር ያሉ ተማሪዎች ስንት ናቸው፣ ምን ላይስ ደርሰዋል? የሚያገለግሉት ቀሳውስትና ዲያቆናት ስማቸው ከነዕድሜያቸው ይጻፍ፤ ዕድሜው የሚጻፍበት ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል። ከእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ የመጀመሪያው፣ ማለትም ቅዳሴ የታጎለበት ቀንና ምክንያቱ፣ ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። ሽማግሌዎች በቃል የሚያስታውሱትና በደብተር የሚገኘው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አምስተኛው ሰው

ቅዳሴ ለመቀደስ በትንሹ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ቀሳውስቱ በአጥቢያው ቤት ሠርተው፣ መሬት አርሰው የሚኖሩ ስለሆኑ ከሞላ ጎደል ይገኛሉ። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ዲያቆን ነው። ቅዳሜ ማታ ቄሰ ገበዙ በየጎጡ እየዞረ «ልጅህ ከከተማ መጣ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ስንቁ ሲያልቅ ነው፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ስንቁ አላለቀም። አምስተኛው ሰው ካልተገኘ በማግሥቱ ምእመኑ ኪዳን አድርሶ፣ ተሳልሞ ይመለሳል። ይህ በተከታታይ ሲደጋገም ሰው «ቅዳሴ ይኖር ይሆን?» እያለ መጠራጠር ይጀምራል፤ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ሩቅ መንገድ ተነሥቶ አይመጣም። በእኔ አስተያየት በገጠር የምእመናን መቀነስ ከሚጀምርባቸው በሮች ዋነኛው ይህ ነው።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት አለበት። አንድ ልጅ በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ማዕርገ ዲቁና ቢቀበልና በአሥራ አምስት ወይም በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለትምህርት ከተማ ቢገባ፣ ለአጥቢያው በቋሚነት የሚያገለግለው አራት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሕመሙን፣ የቤት ሥራውንና ሐዘኑን አስቦ በየእሑዱ ሦስት ለማግኘት በመዝገብ ላይ ስምንት ያህል ዲያቆናት ሊኖሩ ይገባል። ስምንቱ በአራት ዓመት ተራ በተራ የሚወጡ ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት አዳዲስ ልጆች ተምረው፣ ተፈትነው፣ ከሊቀ ጳጳሱ ዘንድ ለመቅረብ መብቃት አለባቸው። ከሚጀምሩት ውስጥ የሚጨርሱት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ሁለት ለማግኘት ስድስት ወይም ሰባት ሕፃናት በየዓመቱ ፊደል መቁጠር ይኖርባቸዋል። የዲያቆናቱ ዕድሜ በደብተሩ እንዲጻፍ የተባለው ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ያየ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደሚጎድል ዛሬ ያውቀዋል።

ይህ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ሁለት ተቀራራቢ አጥቢያዎች ተፈራርመው ዲያቆናትን ቢጋሩ ይጠቅማል። ስምምነቱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ የትኛው ልጅ በየትኛው እሑድ የት እንደሚቀድስ የወሩ መጀመሪያ ላይ ይነገር፤ ልጁን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሰውም ይመደብ። በክረምት ወንዝ በሚሞላበት ቦታ ቅዳሜ አምጥቶ ማሳደር እንጂ ንጋት ላይ ማሻገር አይገባም።

የየኔታ ቀለብ

ልጆቹ ከየት ይመጣሉ ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ከየኔታ ጎጆ ነው። የኔታ ከሌሉ፣ ወይም ኑሮ አልገፋ ብሏቸው ወደ ከተማ ከተሰደዱ፣ ከላይ የተሠራው ሒሳብ ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ከየት እንደመጣ ማወቅም ለመፍትሔው ይጠቅማል። ቀድሞ አገልጋዩ ለአገልግሎቱ የተመደበ የሰሞን መሬት ነበረው፤ ማገልገልና መብላት አንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ። በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት ተዘረጋ። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን የቤተ ክርስቲያኗ መሬት አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ካህኑ ከገበሬዎች እንደ አንዱ ገበሬ ሆኖ በቀረው ሰዓቱ የሚያገለግል ሆነ፤ የአገልጋዩ ኑሮ ሸክምም ገና በሁለት እግሩ ባልቆመው ሰበካ ጉባኤ ላይ ወደቀ። ዛሬም ብዙ ሰበካ ጉባኤ ራሱን እንደ አዋጪ ኮሚቴ እንጂ ያንን የሰሞን መሬት እንደሚተካ አካል አድርጎ አያይም።

መተኪያው ጥሬ ገንዘብ መሆን የለበትም። በገጠር ገንዘብ ከእጅ ሲወጣ ያማል፤ እህል ግን በጥር ከጎተራ ሲቀዳ ያን ያህል አይከብድም። ለምሳሌ 120 አባወራ ያለው አጥቢያ እያንዳንዱ በዓመት 10 ኪሎ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም በቆሎ ቢሰጥ 12 ኩንታል ይሆናል። ይህ የአንድ መምህር ቤተሰብ ቀለብ ከመሆን አልፎ ከሩቅ ለሚመጡ ጥቂት ተማሪዎችም ይተርፋል። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ጥያቄ ማንሣት ሰውን ማሳፈር ነውና፣ ጊዜው አውድማው ከተነሣ በኋላ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር መጨረሻ ይሁን። ባልቴቶችና አቅመ ደካሞች ከዝርዝሩ በግልጽ ይውጡ፤ «የቻሉትን ይስጡ» ብሎ መተው እነርሱኑ የበለጠ ያስጨንቃል። የተሰበሰበው እህል ተመዝኖ ለየኔታ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ሲሰጥ በፊርማ ይሁን። መምህሩ በየሳምንቱ ለቀለቡ የሰው ደጅ የሚቆም ከሆነ፣ በወላጅም በተማሪም ፊት ክብሩ ያልቃል።

ለቀሳውስቱ ደግሞ ከእህል ይልቅ ጉልበት ይጠቅማቸዋል። ሰሞነኛው ቄስ በሳምንቱ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሳይለይ ሲያገለግል፣ በተለይ ሰኔና ሐምሌ ላይ የእርሻው ጊዜ ያልፍበታል። በዚያ ሳምንት ጎረቤቶቹ በደቦ ገብተው ቢያርሱለት ለአጥቢያው የሚያወጣው ምንም ወጪ የለም፤ ካህኑ ግን ልቡ ሳይከፈል ይቀድሳል። ተራው ለአንድ ዓመት ወጥቶ፣ የትኛው ጎጥ ለየትኛው ሰሞነኛ እንደሚያርስ በግልጽ መታወቅ አለበት።

ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍና መገበሪያም (የቁርባኑ ስንዴ) በዚሁ መልክ አስቀድመው የሚዘጋጁ ናቸው። ዘቢብ የዓመቱ ፍጆታ በአንድ ጊዜ ቢገዛ፣ መንገድ ሲዘጋም ሆነ ዋጋ ሲንር ቅዳሴ አይታጎልም። ስንዴ የማይበቅልባቸው የዓባይ ቆላ አጥቢያዎች ከጮቄ ተራራ በኩል ካሉ የደጋ አጥቢያዎች ጋር በእህል ልውውጥ ሊስማሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር መናገር ግድ ነው። በብዙ ቦታ ለአዲስ ሕንፃ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአገልጋይ ከሚሰበሰበው እጅግ ይበልጣል። ሞንታርቦ ገዝቶ ዘቢብ ያጣ አጥቢያ አለ፤ ጉልላቱ ከሩቅ እያበራ የኔታ የሌሉበት ደብርም አለ። ጎጃምን በሊቃውንት ዘንድ ያስጠሩት ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ የተባሉት የአብነት ትምህርት ቦታዎች ናቸው፤ ያስጠሯቸውም በቅኔና በመጻሕፍት ያበሩ መምህራን ናቸው እንጂ የግንባታ ስፋት አይደለም። ስለዚህ ምክሬ፣ የአንድ መምህር የሁለት ዓመት ቀለብና የአንድ ዓመት ንዋየ ቅድሳት ሳይዘጋጅ የሕንፃ ኮሚቴ አይቋቋም የሚል ነው። የሚያፈስ ጣሪያ በእርግጥ ይከደን፤ ግን መክደን ሌላ፣ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ሌላ ነው። በከተማ ያሉ ተወላጆች ይህን ሲሰሙ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ፎቶ የሚነሣው ሕንፃ ነውና።

ትምህርት ቤቱና የኔታ

«ድሮ እኛ ደበሎ ለብሰን፣ ቁራሽ ለምነን፣ ከውሻ ታግለን ተምረን» የሚሉ አባቶች እውነታቸውን ነው። ሆኖም ዛሬ ልጇን ለቁራሽ የምትልክ እናት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ከዘመናዊ ትምህርትም አስወጥቶ የሚሰጥ አባት የለም፤ ሊጠየቅም አይገባም። ዜማና ቅኔ ለመማር አገር አቋርጠው የሚሄዱ ዛሬም አሉ። ለአጥቢያው ቅዳሴ ግን የሚያስፈልገው ንባብ ቤትና ቅዳሴ ቤት ነው፤ ይህንንም ልጁ ከእናቱ ቤት እየበላ ሊማረው ይችላል።

የሚያጋጨው ሰዓቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ የተማሪዎቹ ወላጆች ሆነው ርእሰ መምህሩን በማነጋገር ልጆቹ በሙሉ በአንድ ፈረቃ እንዲመደቡ መጠየቅ ይቻላል። ትምህርት ቤቱ መንግሥታዊ ነውና ሃይማኖታዊ ነገር እንዲያደርግ አይጠየቅም፤ ጥያቄው የፈረቃ ምደባ ብቻ ነው። ልጆቹ በአንድ ፈረቃ ሲሆኑ የኔታ ቀሪውን ግማሽ ቀን ሙሉ ያገኟቸዋል። ንባቡ በቀን፣ የቃል ትምህርቱ ደግሞ ማታ እንዲሆን ቢደረግ በተለምዶም የኖረ ሥርዓት ነው። ወላጅን የሚያሳምነው ስብከት ሳይሆን የልጁ የክፍል ውጤት ነውና፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ለትንንሾቹ ዲያቆናት ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ፣ «የኔታ ቤት የሄደ ልጅ ይሰንፋል» የሚለው ስጋት ይቀንሳል። ሴቶች ልጆችም ፊደልና ዳዊት እንዲማሩ በሩ ክፍት ይሁን፤ ነገ ልጆቻቸውን ወደ የኔታ የሚልኩት እነርሱ ናቸው።

በዓላቱ፣ ጽዋውና ንስሐ አባቱ

የጎጃም ገበሬ በወር ውስጥ ሞፈር የማይነካባቸው ብዙ ቀናት አሉት፦ በአምስት አቦ፣ በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። እነዚህ ቀናት ለማስተማር ምንም ወጪ አይጠይቁም፤ ሰው ከሥራው ተለይቶ ተቀምጧል። ከበዓላቱ ሁለቱን መርጦ ከቅዳሴ በኋላ ለግማሽ ሰዓት በአማርኛ፣ የዕለቱን ወንጌል ብቻ ተከትሎ ማስተማር ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት ማለፍ አይገባም። ጉባኤ ተጠርቶ፣ ሰባኪ ከሩቅ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚሰበክና ዓመቱን ሙሉ ዝም ከሚባል፣ በወር ሁለት ጊዜ በአጥቢያው ካህን የሚሰጥ አጭር ትምህርት ይሻላል። ካህኑ ማስተማር ካልለመደ የወረዳው ቤተ ክህነት የሚያዘጋጀውን የስብከት ሥልጠና እንዲወስድ ሰበካ ጉባኤው ይጠይቅለት።

የጠፋውን ፈልጎ ለማግኘት ደግሞ ከጽዋ ማኅበር የተሻለ መሣሪያ የለም። ማኅበርተኛው በየወሩ ተራውን ጠብቆ ይደግሳል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሚስቱ እንደተጣላ፣ ማን ከቤተ ክርስቲያን እንደቀረ ከሰበካ ጉባኤው ቀድሞ የሚሰማው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙሴ አሥር ወይም አሥራ አምስት አባወራ ተመድቦለት፣ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ለሰበካ ጉባኤው በቃል ያሳውቅ። የታመመ ካለ ካህን ይላካል፤ የተጣላ ካለ ሽማግሌ ይላካል፤ የቀረ ካለ ንስሐ አባቱ ራሱ ይሄዳል። ሲሄድም ስለ መቅረቱ አይውቀሰው፤ ቤቱን ባርኮ፣ ቡና ጠጥቶ መመለስ ለመጀመሪያው ጊዜ በቂ ነው።

ንስሐ አባቶች ከሁሉ በላይ ሊያተኩሩባቸው የሚገባቸው አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ብዙ ሰው በሕፃንነቱ ይቆርባል፤ ከዚያ ወጣትነቱ ሲመጣ ያቋርጣል፤ በሰማንያ ተጋብቶ ይኖራል፤ ወደ ቁርባን የሚመለሰው አርጅቶ ነው። በመካከሉ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት ከቅጥሩ ውጪ ቆሞ የሚያልፍ ዘመን ነው። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለሆነ፣ ንስሐ አባቱ ከኅዳር ጀምሮ የታጩትን ልጆች ከነወላጆቻቸው ቢያነጋግር በቁርባን የሚጋቡ ይገኛሉ። በሰማንያ ለተጋቡትም በንስሐ ወደ ቁርባን የሚመለሱበት መንገድ እንዳለ በግልጽ ይነገራቸው፤ ብዙዎች በሩ እንደተዘጋባቸው አድርገው ያስባሉ።

ስለ ገንዘቡ

አጥቢያን ከሚበትኑ ነገሮች የገንዘብ ጥርጣሬን የሚያህል የለም። የባንክ ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ከሦስቱም አንዱ ከምእመናን ወገን የሆነ ይሁን። ማንኛውም ገቢ፣ በቴሌብር የመጣውም ጭምር፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ይመዝገብ፤ በአንድ ሰው የግል ስልክ የሚገባ ስጦታ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ሐሜት ያስከትላል። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በሰንበቴ ላይ፣ ሰው ተረጋግቶ በተቀመጠበት፣ በቃል ይነበብ። በንግሥ ቀን በሞንታርቦ የሚነበብ ሪፖርትን ማንም አይጠይቅበትም፤ በሰንበቴ ግን አንዲት እናት «ያ የዕጣኑ ገንዘብስ?» ብትል መልስ ይሰጣታል።

ከተማ ለሚሄዱት መሸኛ

ወጣቱ መሄዱ አይቀርም። የሚሄደው ለትምህርት ወደ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ለሥራ ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ነው። ማስቀረት ስለማይቻል መሸኘት ይገባል። ቀበሌ ነዋሪውን ሲለቅ መሸኛ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ሰበካ ጉባኤውም የልጁን ስመ ክርስትና፣ የንስሐ አባቱን ስምና ስልክ፣ ዲያቆን ከሆነም ማዕርገ ክህነቱን የያዘ ደብዳቤ በማኅተም ይስጠው። ደብዳቤው ብቻውን ልጁን የትም አያደርሰውም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የልጁን ስም በከተማው ላለው የሰንበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ በስልክ ይንገር፤ በመጀመሪያው እሑድም ደጀ ሰላሙ ላይ የሚቀበለው ሰው ይመደብ። 

የመሸኛው ጊዜ ጳጉሜንና የመስከረም መጀመሪያ ሳምንት ነው፤ ተማሪዎች ለምዝገባ የሚወጡት ያኔ ነውና። ቅጂው በአጥቢያው መዝገብ ይቀመጥ። በገናና በፋሲካ ልጆቹ ለበዓል ሲመለሱ ጸሐፊው ቅጂውን ይዞ ደብዳቤውን ለማን እንደሰጡ፣ የት እንደሚያስቀድሱ፣ ማንስ እንደተቀበላቸው ይጠይቃቸው። ማንም ያልተቀበለው ልጅ ካለ፣ ወደ ከተማ ከመመለሱ በፊት በከተማው ላለው ሰንበት ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ይደወልለት።